ተከላውን ሸጡልን፣ ንቅሉን ደበቁን

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም አንድ ስክሪንሾት ላከልኝ። «4,500 ግራፍት፣ የሦስት ሌሊት ሆቴል፣ ከኤርፖርት የሚቀበል መኪና፣ የዕድሜ ልክ ዋስትና» ይላል። ከታች ዋጋው በዶላር ተጽፏል። ከዋጋው በላይ በቀይ የተሰረዘ ሌላ ትልቅ ዋጋ አለ፤ ቅናሽ ነው እንድንል። ወንድሜ ከሥሩ «ብሮ እየው እስቲ፣ አሪፍ አይደል?» ብሏል። ዕድሜው 24 ነው።

መልስ መጻፍ ጀመርኩና አጠፋሁት። እንደገና ጀመርኩ፣ አጠፋሁት። በሁለት መስመር የሚያልቅ ነገር አልሆነም። ደግሞም ያ ማስታወቂያ የደረሰው እሱ ስልክ ላይ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግንባራችሁ ከሁለቱም ጎን ገባ ገባ ማለት ከጀመረና አንድ ማታ ስለ ፀጉር መነቃቀል ጎግል ካደረጋችሁ፣ በቃ፣ ኢስታንቡል ራሷ ፈልጋ ታገኛችኋለች። ስለዚህ መልሱን እዚህ ልጽፈው።

እኔ ሄጃለሁ። አስተክያለሁ። የምጽፈው ከዚያ ወዲህ ሆኜ ነው።

ክርክሬን አስቀድሜ ላስቀምጥ። የፀጉር ንቅለ ተከላ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ቀዶ ሕክምና የሚጀምረው ደግሞ መርፌው ሳይነሳ በፊት፣ ሐኪሙ «ይህን ሰው ልንካው ወይስ አልንካው?» ብሎ ሲያስብ ነው። ዛሬ የሚሸጥልን ግን ሐሳቡም ሐኪሙም ወጥተውለት፣ በፍሬ የሚቆጠር ዕቃ ሆኖ ነው። ይህን ያደረጉት ነጋዴዎች ብቻ አይደሉም። ስማቸውን የሚያከራዩ ሐኪሞችም፣ በዋጋ ብቻ የምንመርጥ እኛም አለንበት።

ቋንቋችን ለዚህ ነገር ያወጣለት ስም ከማስታወቂያው ሁሉ ይልቅ ሐቀኛ ነው። ንቅለ ተከላ። መጀመሪያ መንቀል፣ ከዚያ መትከል። ከአንድ ቦታ ሳይነቀል ሌላ ቦታ የሚተከል ፀጉር የለም። «በፊት» እና «በኋላ» እያሉ የሚለጥፏቸውን ፎቶዎች አስታውሱ፤ ሁሉም ግንባር ናቸው። ከኋላ የተነሳ፣ ማጅራት የሚያሳይ ፎቶ ስንት አይታችኋል? እኔ ከመሄዴ በፊት አንድም አላየሁም ነበር። ተከላውን ሸጡልኝ፤ ንቅሉን ያየሁት ከዓመታት በኋላ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ በሁለት መስታወት ነው።

2011 ዓ.ም. ላይ ነው። 25 ዓመቴ ነበር። መሥሪያ ቤት «ፕሮፌሰር» ይሉኛል፤ ከዕውቀቴ የተነሳ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሠርግ ላይ ፎቶ ሲነሳ ከኋላ ረድፍ እቆማለሁ። ኮፍያ ሳላደርግ ከቤት መውጣት ትቼ ነበር። ስለዚህ እንደ ወንድሜ አንድ ስክሪንሾት አየሁና በዋትስአፕ ሦስት የራሴን ፎቶ ላክሁ። መልስ የመጣው በ11 ደቂቃ ውስጥ ነው፦ «4,000 ግራፍት ያስፈልግሃል።» ዕድሜዬን አልጠየቁም። አባቴ መላጣ ይሁን አይሁን አልጠየቁም። መድኃኒት እወስድ እንደሆነ፣ ቁስሌ ሲድን ጠባሳዬ ያብጥ እንደሆነ አልጠየቁም። የጠየቁኝ መቼ እንደምመጣ ነው። ዶላሩን ከየት እንዳመጣሁት እናንተም አትጠይቁኝ።

ኢስታንቡል ሐኪሙን ያየሁት ለአምስት ደቂቃ ያህል ነው። እስክሪብቶ ይዞ ገባ፣ ግንባሬ ላይ መስመር ሣለ፣ መስታወት ሰጠኝና «ደስ ብሎሃል?» አለኝ። «ትንሽ ዝቅ ይበል» አልኩት። ዝቅ አደረገልኝ። ወጣ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ይህችን «ዝቅ አደረገልኝ» ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከዚያ ስምንት ሰዓት ገደማ በሆዴና በጀርባዬ ተኛሁ። ሦስት ወጣቶች እየተፈራረቁ ሠሩኝ። ትሑት ልጆች ነበሩ፤ ምሳ አብልተውኛል። ማን እንደሆኑና ምን እንደተማሩ ግን ዛሬም አላውቅም። ስመለስ አውሮፕላኑ ውስጥ እንደኔ ግንባራቸው ላይ ጥቁር ማሰሪያ ያደረጉ፣ ፊታቸው ያበጠ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። እንደ አንድ ሰፈር ልጆች በአንገት ሰላም ተባባልን።

እውነቱን ልናገር፤ በቀለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተተከለው ረገፈ፣ ይህ ያለ ነው። በአራተኛው ወር ብቅ አለ፤ በዓመቱ ሙሉ ግንባር ነበረኝ። ሁለት ዓመት ደስተኛ ነበርኩ። ኮፍያዬን ለዘበኛችን ሰጠሁት። ከዚያ ከተተከለው በስተኋላ ያለው የራሴ ፀጉር ሽሽቱን ቀጠለ። የተተከለው ፊት ለፊት እንደ አጥር ቆመ፤ ከአጥሩ ጀርባ ግቢው ባዶ ሆነ። እንዲህ ከሆነማ አሳጥሬ ልቆረጠው ብዬ ፀጉር ቤት ገባሁና «ጎንና ጎኑን ፌድ አድርግልኝ» አልኩ። ልጁ ማሽኑን ሁለት ጊዜ ካስኬደ በኋላ አጠፋው። «ወንድሜ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «ማጅራትህን ምን ነካው? ብል የበላው ጋቢ መሰለኮ።»

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል። ነገርዬው ትናንት የመጣ አይደለም። ጃፓናዊው የቆዳ ሐኪም ሾጂ ኦኩዳ እ.ኤ.አ. በ1939 ፀጉር ያለበትን ቆዳ በትንሽ ክብ መብሻ እያወጣ ጠባሳ ላይ መትከሉን ጽፏል፤ ጦርነት መጣና ሥራው በሌላው ዓለም ሳይታወቅ ቆየ። በ1942 አሜሪካዊው ጄምስ ሃሚልተን የወንዶች መመለጥ ከወንድ ሆርሞን ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። በ1952 ደግሞ የኒው ዮርኩ የቆዳ ሐኪም ኖርማን ኦረንትራይክ መላጣ ሰው ላይ ተከላ ጀመረ፤ ውጤቱንም በ1959 አሳተመ። ያገኘው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ሙያው በሙሉ የቆመው ግን በሱ ላይ ነው። ከኋላና ከጎን የሚወጣው ፀጉር ያንን ሆርሞን ይቋቋማል፤ ግንባር ላይ ቢተክሉትም የማጅራትነት ጠባዩን ይዞ ይኖራል። አገሩን ቢለቅም አመሉን አይለቅም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ኦረንትራይክ ያገኘው ፀጉር የሚዛወርበትን መንገድ ነው። የሚጨመርበትን መንገድ እስካሁን ማንም አላገኘም። ከማጅራት የወጣ ሥር ተመልሶ ማጅራት ላይ አይበቅልም። አንድ ግራፍት የሚባለው ከአንድ እስከ አራት ፀጉር የሚያወጣ የሥር ቋጠሮ ነው። ማጅራት ሳይራቆት በዕድሜ ልክ ሊወሰድ የሚችለው ለብዙ ሰው ወደ 6,000 ቋጠሮ ገደማ ነው፤ የሚበልጥለትም የሚያንስበትም አለ። አሁን ሒሳቡን ሥሩ። መላጣነቱ ወደ መጨረሻው ደረጃ የሚሄድ ሰው ባዶ የሚሆንበት ቦታ 200 ካሬ ሴንቲሜትር ሊደርስ ይችላል። በእያንዳንዱ ካሬ 40 ቋጠሮ ብቻ ብትተክሉ 8,000 ያስፈልጋል። የለም። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ይተከልልኝ?» ሊሆን አይችልም። «ያለኝ ትንሽ ነው፤ የትኛው ቦታ ይዋል? መቼ? ስንቱስ ለነገ ይቀመጥ?» ነው። ከጎተራው የዘር እህሉን አውጥቶ በአንድ ድግስ የጨረሰ ገበሬ ምን ይባላል? እኔ 4,000 ፍሬዬን በ25 ዓመቴ፣ ዝቅ ባለ ግንባር ላይ ጨረስኩት። የሚያሳዝነው ደግሞ ራሴ ነኝ «ዝቅ ይበል» ያልኩት። ግን እኮ አላውቅም ነበር። የሚያውቀው ሰው እስክሪብቶ ይዞ ፊቴ ቆሞ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ሐኪም ምን ይሠራል የሚለው የሚመጣው።

የኩላሊት ንቅለ ተከላን አስቡ፤ ያው አንድ ቃል ነው የምንጠቀመው። እዚሁ አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሯል። ኩላሊት ከመነቀሉ በፊት ለጋሹ ይመረመራል፦ አንዱን ቢሰጥ ይጎዳል ወይ? ለተቀባዩ የቱንም ያህል ቢያስፈልግ፣ ለጋሹ የሚጎዳ ከሆነ አይደረግም። ፀጉር ላይ ለጋሹም ተቀባዩም አንድ ሰው ነው፣ አንተው ነህ። ጉዱም እዚህ ነው። ግንባርህ ይጮኻል፣ ማስታወቂያው ይጮኻል፣ ሻጩ ይጮኻል፤ ሁሉም ለተቀባዩ ነው። ለማጅራትህ የሚሟገት አንድ ሰው ብቻ ነው ክፍሉ ውስጥ ሊኖር የሚችለው፤ እሱም ሐኪሙ ነው። እሱ ከሌለ ለጋሹ ጠበቃ የለውም።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሐኪሙ በሽታውን ይለያል። የሳሳ ፀጉር ሁሉ አንድ አይደለም። ከባድ ትኩሳት ከታመመ በኋላ የሚረግፍ አለ፤ ከወሊድ በኋላ የሚረግፍ አለ፤ በብረት ማነስ ወይም በታይሮይድ ችግር የሚሳሳ አለ። እነዚህ መንስኤያቸው ሲታከም ብዙውን ጊዜ ይመለሳሉ። ክብ ክብ እየሆነ የሚመልጠው ላሽ አለ። ሥሩን የሚያቃጥልና ቆዳውን ወደ ጠባሳ የሚለውጥ በሽታም አለ፤ እሱ ሳይረጋ ብትተክል በሽታው የተተከለውንም ይበላዋል። ይህን ሁሉ በሦስት የዋትስአፕ ፎቶ የሚለይ ሰው ካለ ነቢይ ነው።

ቀጥሎ ጊዜን ያስባል። የወንዶችን መመለጥ በሰባት ደረጃ የሚከፍለው የኖርዉድ መለኪያ ከ1975 ጀምሮ አለ። ጥሩ ሐኪም አሁን ያለህበትን ደረጃ ብቻ አያይም፤ አባትህን፣ አጎቶችህን፣ በመስታወት ስር ሲታይ እየቀጠነ ያለውን ፀጉር አይቶ የት ልትደርስ እንደምትችል ይገምታል። የ24 ዓመት ልጅ ላይ ይህ ግምት ከባድ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሕክምና መድኃኒት ነው። ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት መድኃኒት ነበር፤ የሚቀባው ዓይነት ለፀጉር በአሜሪካ የተፈቀደው በ1988 ነው። ፊናስተራይድ ደግሞ በ1997 ለፀጉር ተፈቀደ። ተአምር አይሠሩም፤ ሽሽቱን ግን ለብዙ ሰው ያዘገያሉ። የጎን ጉዳት አላቸው፣ ፊናስተራይድ ከወሲብ ጋር የተያያዘ ችግር በጥቂት ሰዎች ላይ ያመጣል፤ ስለዚህም ከጓደኛ ተቀብሎ የሚዋጥ አይደለም። እኔን ስለነዚህ ማንም አልነገረኝም። የሚገርም አይደለም፤ በወር ጥቂት ብር የሚከፈልበት ክኒን ሆቴልና መኪና አያስይዝም።

በቀዶ ጥገናው ቀን ያለውም ሥራ ቀላል አይደለም። ጭንቅላት በሙሉ በመርፌ ይደነዝዛል። ሊዶኬይን ከአድሬናሊን ጋር ሲሰጥ የተለመደው ጣሪያ ለአንድ ኪሎ ክብደት 7 ሚሊግራም ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 490 ሚሊግራም ይሆናል፤ ሁለት ፐርሰንት ከሚባለው ፈሳሽ ከ25 ሚሊ ሊትር ያነሰ ማለት ነው። ስምንት ሰዓት በሚፈጅ ሥራ ማደንዘዣው እያለቀ እየተጨመረ ሲሄድ ድምሩን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ካለፈ አፍ ዙሪያ ይደነዝዛል፣ ጆሮ ይጮኻል፤ ከባሰ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ልብም ይታወካል። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ ማነው?

ከዚያ ቀዳዳዎቹ አሉ። ግንባር ላይ ያለ ፀጉር ወደ ፊት ተኝቶ ይወጣል፣ ጆሮ ግንድ ላይ ያለው ወደ ታች ይወርዳል፣ አናት ላይ ያለው እንደ አዙሪት ይዞራል። ቀዳዳው የተከፈተበት አቅጣጫ ፀጉሩ ዕድሜ ልኩን የሚያድግበት አቅጣጫ ነው። ከፊት ረድፍ አንድ አንድ ፀጉር ያለው ቋጠሮ ይሄዳል፣ ከኋላ ሦስትና አራት ያለው። ይህ ካልተደረገ ፀጉሩ ቢበቅልም እንደ መጥረጊያ ይቆማል።

አሁን ተቃዋሚዎቼን ልስማ፤ ያለ እነሱ ክርክር አይሆንም።

አንደኛው «ቴክኒሽያኖቹ በየቀኑ ሺዎች የሚያወጡና የሚተክሉ ናቸው፤ እጃቸው ከሐኪም ይበልጣል» ይላል። እጃቸው ሊበልጥ ይችላል፤ እቀበላለሁ። የኔንም ግንባር ያበቀሉት እነሱ ናቸው። በደንብ በሚሠራባቸው ቦታዎችም ቢሆን ሥሮቹን በማይክሮስኮፕ የሚያዘጋጁትና ብዙ ጊዜ የሚተክሉት የሰለጠኑ ረዳቶች ናቸው። እኔ የምለው ስለ እጅ አይደለም። እጅ «አቁሙ፣ ይበቃል» አይልም። የተከፈለው ለ4,000 ከሆነ፣ በ2,500ኛው ላይ ማጅራቱ እየሳሳ መሆኑን አይቶ ሥራውን የማቆም ሥልጣን ያለው ሰው መኖር አለበት። ተቀጣሪ ቴክኒሽያን ይህ ሥልጣን የለውም፤ ካቆመ ይባረራል። ዓለም አቀፉ የፀጉር ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር፣ በ1993 የተመሠረተው፣ ይህንኑ ነው የሚጮኸው፦ ቆዳ የሚበሳውና ሥር የሚያወጣው ፈቃድ ያለው ሐኪም ይሁን እያለ ሐኪም የሌለባቸውን ቤቶች በመቃወም ዘመቻ ያካሂዳል። የራሳቸውን ገበያ እየጠበቁ ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ይሁን። የኔን ማጅራት የጠበቀ ግን አልነበረም።

እንዲያውም ሐኪሙ እንዴት እንደወጣ ማየት ይጠቅማል። የኦረንትራይክ ዘመን ግራፍት 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስለነበር የተተከለለት ሰው የአሻንጉሊት ፀጉር ይመስል ነበር። በ1984 ሄዲንግተን ፀጉር በተፈጥሮው በትንንሽ ቋጠሮ እንደሚወጣ ገለጸ። የቴክሳሱ ሊመር ቆዳውን በማይክሮስኮፕ እየፈለቀቀ እነዚህን ቋጠሮዎች ብቻቸውን መትከሉን በ1994 አሳተመ። ያኔ ግን ከማጅራት ቀጭን የቆዳ ቁራጭ በቢላዋ ተቆርጦ ይወጣና ቁስሉ ይሰፋል፤ ቢላዋና መስፋት ስላለበት ሐኪም የግድ ነበር። በ2002 ራስማንና ባልደረቦቹ ቋጠሮውን አንድ በአንድ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ መብሻ የማውጣቱን ዘዴ ጻፉ፤ ዛሬ ኤፍዩኢ የምንለው ነው። ስፌት የለም፣ ረጅም ጠባሳ የለም። ድንቅ እርምጃ ነው። ግን ቢላዋና ክሩ ሲቀር ሐኪሙም አብሮ የሚቀር መሰላቸው። መብሻው በሞተር የሚዞር ሆነ፤ ሞተሩን የያዘ ሁሉ ሠሪ ሆነ። «ጠባሳ የለውም» የሚለውም ውሸት ነው፤ 4,000 ቦታ የተበሳ ቆዳ 4,000 ነጥብ ጠባሳ አለው። በልክ ከተወሰደ አይታይም፤ ካለልክ ከተወሰደ እኔን ያያል።

ሁለተኛው «ድሀ ነና፣ ሐኪም የሚሠራው ውድ ነው» ይላል። ይህ ክርክር ያመኛል፣ ምክንያቱም የኔም ነበር። መልሴ አንድ ነው፦ ካልቻልክ ጠብቅ። ማጅራትህ ቀን አልፎበት አይበላሽም። በ25 ዓመትህ ያልተነካ ማጅራት በ35 ዓመትህም አብዛኛው እዚያው አለ፤ ያን ጊዜ መላጣነትህ የት እንደሚቆምም የተሻለ ይታወቃል። የተበላሸውን ማስተካከል ግን በርካሽም በውድም የሚገኝ አይደለም፤ የሚዛወር ነገር ካለቀ በገንዘብ አይገዛም።

ሦስተኛው ደግሞ የተናቀ ነገር አድርጎ ያየዋል፦ «ፀጉር ነው እኮ! ሰው በርሃብ በሚያልቅበት አገር...» ይላል። ይህን የሚለው ብዙውን ጊዜ ሙሉ ፀጉር ያለው ሰው ነው። መላጣ ላይ መሳቅ አዲስ አይደለም፤ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ነቢዩ ኤልሳዕን ልጆች በመላጣው ሲሳለቁበት ሁለት ድቦች ወጥተው 42ቱን እንደሰበሩ ተጽፏል። እኛ መሥሪያ ቤት ድብ የለም፤ ስለዚህ ቀልዱ ይቀጥላል። አባቴ ሙሉ መላጣ ነው፣ «ፀጉሩ ጭንቅላቴን ትቶ ሄደ እንጂ ጭንቅላቴ የት ሄደ?» ይላል። እኔ እሱን መሆን አልቻልኩም። ያልቻልኩትም ደካማ ስለሆንኩ አይመስለኝም። ሰው ፊቱን መልሶ ለማግኘት ቢፈልግ ነውር የለውም። ነውር የሚያደርገው ሳቁ ነው፤ ሳቁ ደግሞ ሰውን በድብቅ ወደሚሠራበት ቤት ይገፋዋል። የሚያፍር ሰው ጥያቄ አይጠይቅም። እናቴ እንኳ ኢስታንቡል የሄድኩት ለሥልጠና ይመስላት ነበር።

ስለኛ ፀጉር ደግሞ ለብቻው መነገር ያለበት አለ። የተጠቀለለ ፀጉር ከቆዳው በላይ ብቻ አይደለም የሚጠቀለለው፤ ከቆዳ በታች ሥሩም ይታጠፋል። መብሻው ቀጥ ብሎ ከገባ የታጠፈውን ሥር ይቆርጠዋል፤ ወጥቶ ተቆጠረ ማለት በሕይወት ወጣ ማለት አይደለም። ለዚህ የተለየ ልምድ፣ አንዳንዴም የተለየ መብሻ ይፈልጋል፤ ጥንቁቅ ሐኪም መጀመሪያ ጥቂት አውጥቶ ይሞክራል። ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ጠባሳው ከቁስሉ በላይ የሚያድግ ኬሎይድ በብዛት ይታያል። ጆሯቸውን ተበስተው እብጠት የወጣባቸው እህትና ወንድም ያላችሁ ይህን ሳትናገሩ እንዳትተኙ።

ሴቶችንም አልረሳም። ለዓመታት ጠበቅ ተደርጎ የተሠራ ሹሩባ፣ ዊግና ሂውማን ሄር ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ ያለውን ሥር እየጎተተ ያደርቀዋል። በጊዜ ከተደረሰበት ማላላቱ ብቻ ይመልሰዋል፤ ከደረቀና ጉተታው ከቆመ በኋላ ተከላ ሊረዳ ይችላል። ነገር ግን የብዙ ሴቶች ፀጉር በጠቅላላው፣ ማጅራቱም ጭምር ነው የሚሳሳው። እንዲህ ያለችውን ልጅ ወስዶ መትከል ከሳሳ ነቅሎ ሳሳ ላይ መትከል ነው። ለይቶ «ላንቺ አይሆንም» የሚላት ማነው?

«አይሆንም» የሚለውን ቃል እኔ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ከፀጉር ቤቱ ቀን በኋላ ሁለተኛ ዙር ለማስተከል አስቤ፣ እንደ አጋጣሚ እዚሁ አዲስ አበባ አንዲት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ገባሁ። ዶክተሯ መብራት ባለው ትንሽ መስታወት ጭንቅላቴን ክፍል በክፍል አዩ። «አባትህ ፀጉራቸው እንዴት ነው? የእናትህ ወንድሞችስ?» አሉኝ። ቁስል ሲድንልኝ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ በዚያ ሁሉ ስለ ዋጋ አላነሱም። በመጨረሻ ወንበራቸውን ዞር አድርገው «ከዚህ በኋላ ከማጅራትህ የሚወሰድ የለም። ማንም እወስድልሃለሁ ቢልህ እንዳትሰማው» አሉኝ። ያለኝን ለማቆየት መድኃኒት ጻፉልኝ፣ ጉዳቱንም አስረዱኝ። ከካርድ ሌላ የከፈልኩት የለም። ደረጃውን ስወርድ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ መልሱ አልነበረም። ይህችን ግማሽ ሰዓት በ25 ዓመቴ ባገኛት ኖሮ ብዬ ነው።

ስለዚህ ዋናው ቁጣዬ በሻጩ ላይ አይደለም። ሻጭ ይሸጣል፤ ሥራው ነው። በቴክኒሽያኖቹም ላይ አይደለም፤ እንጀራቸው ነው። ቁጣዬ እስክሪብቶ ይዞ በገባው ሰው ላይ ነው። እሱ ተምሯል። የ25 ዓመት ልጅ ዝቅ ያለ ግንባር ሲጠይቀው በ35 ዓመቱ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ዲፕሎማው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው እኔ እንድተማመንበት ነው፤ ተማመንኩበት። ዲፕሎማውን አከራይቶ፣ መስመር ሥሎ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄደ። በቱርክ ብዙ ጥሩ ሐኪሞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ በቀን አንድ ሰው ብቻ የሚይዙ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍሉ ውስጥ የሚቆዩ። ችግሩ የአገር አይደለም። ዱባይም ይሁን አዲስ አበባ፣ ለስም ብቻ የቆመ ሐኪም ያለበት ቤት ሁሉ ያው ነው።

ለወንድሜ መጨረሻ ላይ የጻፍኩለት ይኸው ነው፦ «ሒድ አልልህም፣ አትሒድም አልልህም። አምስት ነገር ጠይቃቸው። ሐኪሙ ስሙ ማነው? ሥሩን የሚያወጣው፣ ቀዳዳውን የሚከፍተው እሱ ነው ወይስ ሌላ? ሲያልቅ ማጅራቴ ውስጥ ስንት ይቀራል? ፀጉሬ መሸሹን ቢቀጥል ዕቅዱ ምንድነው? እንደኔ የተጠቀለለ ፀጉር ያለው ሰው ማጅራት፣ አጭር ተቆርጦ፣ ፎቶ አላችሁ? ከዚያ በፊት ግን ዶክተሯ ዘንድ አብረን እንሂድ፣ ካርዱን እኔ እከፍላለሁ።»

ወዲያው መለሰልኝ። «እሺ ብሮ፣ ግን ቅናሹ እስከ ዓርብ ብቻ ነው።»

ለብዙ ደቂቃ ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ባለቤቴን ጠርቼ ከኋላዬ እንድትቆም ነገርኳት፤ ሸሚዜን ወደ ታች ሳብ አደረግሁ፣ አንገቴን ደፋሁ። እስከዛሬ ለማንም ያላሳየሁትን ፎቶ አነሳችልኝ። ላክሁለት። አይቶታል፤ ገና አልመለሰም። ዛሬ ረቡዕ ነው።